ጥሩ ካርታ ይዞ መተው መቼ ነው? ከፖከር ጠረጴዛ እስከ ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ማሳ

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ የፖከር ቪዲዮ አጋጥሟችሁ አያውቅም? አንዱ ተጫዋች እጁ ላይ ሁለት ኤስ ይዟል። በዚህ ጨዋታ ከሁለት ኤስ የተሻለ መነሻ የለም። ፊት ለፊቱ ያለው ሰውዬ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ይገፋል። ባለ ሁለት ኤሱ ያስባል፣ ያስባል፣ ግንባሩን ያሻል፣ ከዛ ካርታውን ይጥላል። ኮሜንት ላይ ሁሉም «እብድ ነው እንዴ?» ይላል። የሰውዬው ካርታ ሲገለጥ ግን የጣለው ልክ ነበር፤ ባይጥል ኖሮ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር።

«ይሄ ለሸዋ ሮቢት ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የሮቢት ሙቀት ትንሽ በረድ ሲል ስልኩ ላይ በነፃ የፖከር አፕ የሚጫወት ልጅ አይጠፋም። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ያቺ «ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?» የምትለው ጭንቀት ሽንኩርት በደረሰ ቁጥር ይፋት ቆላ ውስጥ በየቤቱ ትገባለች።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ይሄ ጽሁፍ «ቁማር ተጫወቱ» አይልም። ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት በአገራችን ክልክል ነው፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ገንዘብ ካርታ ላይ አስይዞ የተረፈም የለም። የምንፈልገው ከጨዋታው ውስጥ ያለችውን አስተሳሰብ ነው።

ጨዋታው ባጭሩ

በብዛት የሚታየው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። በ52 ካርታ ነው የሚጫወቱት። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። ከዛ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ። ከሰባቱ ውስጥ ምርጥ አምስት ያሟላ ያሸንፋል።

ደረጃቸው ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ ምንም ያልገጠመለት፣ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት አንድ ዓይነት፣ ተከታታይ አምስት ቁጥር፣ አምስቱም አንድ ምልክት፣ ሦስትና ሁለት (ፉል ሃውስ)፣ አራት አንድ ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ።

ካርታ በተገለጠ ቁጥር ማስያዝ አለ። ሌላው ሲያስይዝ ያንተ ምርጫ ሦስት ነው፦ እኩል ትከፍላለህ፣ ትጨምርበታለህ፣ ወይም ካርታህን ትጥላለህ። መጣሉ ፎልድ ይባላል። ፎልድ ካደረግክ እስካሁን መሃል ያስገባኸው ቀረ፤ ከዚህ በኋላ ግን አትከስርም።

ደካማ ካርታ መጣል ማንም ይችላል። የሚከብደው ጥሩውን መጣል ነው።

«ጥሩ» ማለት ከማን አንፃር?

ሁለት ኤስ የሚደርስህ በአማካይ ከ221 ዕደላ አንዴ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እስከ መጨረሻው ብትሄድ፣ ያ ሰው ያገኘውን ማንኛውንም ካርታ ይያዝ፣ የማሸነፍ ዕድልህ 85 በመቶ አካባቢ ነው። በጣም ጥሩ!

አሁን አራት ሰዎች አብረውህ እስከ መጨረሻው ቢቀሩስ? ዕድሉ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ስምንት ቢሆኑስ? 35 በመቶ አካባቢ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ካርታህ አልተቀየረም። ያው ሁለት ኤስ ነው። የተቀየረው በዙሪያህ ያለው ሰው ብዛት ነው። ከዘጠኝ ሰው መሃል አሁንም ከማንም በላይ ዕድል ያለህ አንተ ነህ፤ ግን ከሦስት ጊዜ ሁለቴ ገደማ ትሸነፋለህ።

መሃል የሚገለጠውም እንዲሁ ነው። ሁለት ኤስ ይዘሃል እንበል። መሃል 8፣ 9፣ 10 ወጣ። አራተኛው ጃክ ሆነ። አምስተኛው 2። አሁን 7 የያዘ ሰው ሁሉ ተከታታይ አሟልቷል። ኩዊን የያዘም እንደዛው። ያንተ ቆንጆ ሁለት ኤስ «አንድ ጥንድ» ሆኖ ቀርቷል፤ በደረጃው ከታች ሁለተኛ ማለት ነው። ዓይንህ ግን አሁንም የሚያየው ያንን መጀመሪያ የተደሰትክበትን ካርታ ነው።

የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ካርታው ሲመጣ የነበረውን ዋጋ ይዞ ይቆያል፤ አሁን ያለውን ዋጋ አያይም።

ከመጣልህ በፊት አራት ጥያቄ

👉 አንድ፦ ስንት ሰው ቀርቷል? ብዙ ሰው በቀረ ቁጥር አንድ ጥንድ ይዞ መከራከር ዋጋው ይወርዳል።

👉 ሁለት፦ ምን ምን ያሸንፈኛል? «እሱ ምን ይዟል?» ብለህ አንድ ካርታ አትገምት። የሚያሸንፉህን ሁሉ ቁጠር። መሃል ያለው ካርታ ተከታታይ ወይም አንድ ምልክት የሚያሟላ ከሆነ ዝርዝሩ ይረዝማል።

👉 ሦስት፦ ሰውዬው ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን ሲናገር ነበር? በእጁ ማለታችን ነው እንጂ በአፉ አይደለም። ሲከፍል፣ ሲከፍል፣ ዝም ብሎ ሲከተል የቆየ ሰው መጨረሻ ላይ ድንገት ትልቅ ከጨመረ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ካርታ መጥቶለታል። በየደቂቃው የሚጮህና የሚያስፈራራ ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

👉 አራት፦ ዋጋው ስንት ነው? ይሄ ሂሳብ ነው፣ በስሜት አይመለስም።

ሂሳቡን እንየው። መሃል 600 ቺፕስ አለ። ሰውዬው 600 አስያዘ። አንተም ለመቀጠል 600 መክፈል አለብህ። ካሸነፍክ 1,200 ታገኛለህ፤ ከተሸነፍክ 600 ታጣለህ። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ ቢያንስ አንዴ ካላሸነፍክ መክፈሉ ኪሳራ ነው።

አስበህ አስበህ «ከአምስት ጊዜ አንዴ ነው የማሸንፈው» ካልክ፦ አራት ጊዜ 600 ታጣለህ፣ 2,400 ሆነ። አንዴ 1,200 ታገኛለህ። በአምስት ጊዜ 1,200 ከሰርክ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ 240። በቃ፣ ጣለው። ካርታው ቆንጆ መሆኑ ሂሳቡን አይለውጥም።

«እስካሁን ያስገባሁትስ?» እሱ ያንተ አይደለም። መሃል ከገባች ደቂቃ ጀምሮ የአሸናፊው ናት። ብዙ ሰው የሚያልቀው ያቺን ለማትረፍ ሲል ሌላ ጨምሮ ነው። አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ይሄኔ ነው። ካርታም ወረቀት ነው፤ የያዘው ሰው ግን ሞኝ መሆን የለበትም።

ፊት ለፊት ሲሆን ለምን ይከብዳል?

ስልክ ላይ መጣል ቀላል ነው። አንዴ ትነካለህ፣ ወዲያው ሌላ ካርታ ይመጣልሃል። ከሰው ጋር ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ግን በሰዓት የሚታደለው ከ25 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ነው። ሁለት ኤስ ደግሞ ከ221 አንዴ። አስሉት፦ በአማካይ ከሰባት ሰዓት በላይ ጥበቃ! ሰባት ሰዓት የጠበቀውን ነገር ማን ይጥላል? «ስንት ጠብቄ...» የሚለው ስሜት ጭንቅላትህን ይይዘዋል። ጠረጴዛው ግን ስንት እንደጠበቅክ አያውቅም።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሰው እያየህ ነው። «ፈራ» ይሉኛል፣ «አታለለው» ይሉኛል ብለህ ትከፍላለህ። ለይሉኝታ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ፊት ለፊት መሆኑ የሚጠቅምበትም መንገድ አለ፤ ሰውዬውን ታየዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1984 ተጫዋቾች ሳያውቁት የሚያሳዩትን ምልክት የሚተነትን መጽሐፍ ያወጣው አሜሪካዊው ማይክ ካሮ ትልቁ ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ጠንካራ የሚመስል ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ ደካማ የሚመስል ደግሞ ጠንካራ። እጁ ድንገት መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው እየዋሸ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ትልቅ ካርታ ይዞ ደስታው ነው የሚያንቀጠቅጠው። ትከሻውን ሰብቆ፣ ተክዞ «እሺ ልሞክር...» ብሎ ብዙ የሚያስይዘውንም ተጠንቀቁት። ምልክት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከአራቱ ጥያቄዎች ጋር ነው የሚሠራው።

ታላላቆቹም ተሳስተዋል

እ.ኤ.አ. በ1988 በላስ ቬጋሱ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና መጨረሻ ላይ ጆኒ ቻንና ኤሪክ ሳይደል ሁለት ቀሩ። መሃል ኩዊን፣ 10፣ 8 ወጣ። ሳይደል እጁ ላይ ኩዊን ስለነበረው የኩዊን ጥንድ አለው። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ይሄ ጠንካራ ነው። ቻን ግን ጃክና 9 ይዟል፤ ተከታታዩ ሞልቶለታል። ቻን ምን አደረገ? ዝም አለ። ሳይደል ዝምታውን እንደ ድክመት ቆጥሮ መጨረሻ ላይ ያለውን ሁሉ ገፋ። አለቀ። ቻን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ 700,000 ዶላር ወሰደ። ሳይደልም ግን እዛው አልቀረም፤ በኋላ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆኗል።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው ውድድር 839 ሰዎች ነበሩ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ልምድ ያለው ሳሚ ፋርሃና በኢንተርኔት ውድድር አልፎ የመጣው የሂሳብ ባለሙያ ክሪስ መኒሜከር ናቸው። ፋርሃ የ9 ጥንድ ነበረው። መኒሜከር ምንም አልገጠመለትም፤ ግን ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ አሰበ፣ አሰበና ጣለ። የሚያሸንፈውን ካርታ ጣለ! መኒሜከርም ዋንጫውንና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ሄደ።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሞቶዩኪ ማቡቺ የተባለ ተጫዋች አራት ኤስ ያዘ። አራት! ጀስቲን ፊሊፕስ ግን የጨዋታውን የመጨረሻ ትልቁን፣ ከ10 እስከ ኤስ አንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ ይዞ አገኘው።

ከሦስቱ ምን እንማራለን? ማቡቺ አልተሳሳተም። አራት ኤስ የሚጥል ሰው ዕድሜ ልኩን ሲከስር ይኖራል፤ አንዳንዴ ትክክል ሠርተህም ትሸነፋለህ። ፋርሃ ደግሞ ሲጥል የተቃራኒውን ካርታ አላየም ነበር፤ በዚያች ደቂቃ በሚያውቀው ነው የወሰነው። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ አትመዝኑት።

ለዚህም ነው «ሁሌ መጣል» መፍትሔ የማይሆነው። ለምሳሌ ሁለት ኪንግ ይዘህ ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ብትሆን፣ ሌላ ሰው ሁለት ኤስ የመያዝ ዕድሉ ከ25 አንዴ ገደማ ነው። ለዛች አንዷ ብለህ 24ቱን ጊዜ ብትጥል ሞኝነቱ በሌላ በኩል ይመጣል።

አሁን ወደ ሮቢት እንመለስ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ሞቃት ቆላ ናት፣ ወንዝ አላት፣ በመስኖ ሽንኩርት ታመርታለች። ሽንኩርቱ ሲደርስ አይሱዙ ይመጣል፣ ደላላ ይመጣል፣ ስልክ ይጮሃል።

እንበል አንድ ቤተሰብ 50 ኩንታል ሽንኩርት አነሳ። ጥሩ ሽንኩርት ነው፤ ቀይ፣ ጠንካራ፣ መጠኑ እኩል። ደላላው «በኪሎ 30 ብር» አለ። ልጅየው ስልኩን ይዞ አዲስ አበባ ደወለ፣ ቴሌግራም ላይ ዋጋ አየ።

«አባዬ፣ ዛሬ እንሽጥ።»

«ቆይ ልጄ! ባለፈው እኮ 40 ነበር። ይሄን የመሰለ ሽንኩርት በ30?»

አባትየው ሁለት ኤስ ይዘዋል። እውነታቸውን ነው፣ ሽንኩርቱ ጥሩ ነው። ግን አራቱን ጥያቄ እንጠይቅ።

ስንት ሰው አለ? ወንዙን ተከትሎ ያለው ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰሞን ተክሎ በአንድ ሰሞን ካነሳ፣ ሁሉም ጥሩ ሽንኩርት ይዟል። ስምንት ሰው ባለበት ጠረጴዛ እንደ ሁለት ኤስ ነው፤ ጥራቱ አልቀነሰም፣ ጉልበቱ ግን ቀንሷል።

ምን ያሸንፈኛል? ዝናብ። አንገቱ በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ሽንኩርት እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል፣ ይበቅላል። የሌላ አካባቢ ምርት ገበያ ሊገባ ይችላል። ከሱዳን የሚገባ ሽንኩርት ዋጋ ያወረደባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

ዋጋውስ? ዛሬ 50 ኩንታል በ30 ብር ቢሸጥ 150,000 ብር ነው። ሦስት ሳምንት ብንጠብቅ ዋጋው ወይ 40 ይገባል ወይ 20 ይወርዳል እንበል፣ እኩል በእኩል ዕድል። በዚያ መሃል 15 በመቶው በመበስበስና በመድረቅ ቢጠፋ የሚቀረው 4,250 ኪሎ ነው። ከቀናን 170,000 ብር። ካልቀናን 85,000 ብር። ለ20,000 ብር ብለን 65,000 ብር አስይዘናል ማለት ነው። አማካዩ 127,500 ነው፤ ከዛሬው 150,000 በታች። መጠበቁ የሚያዋጣው ወደፊት የሚጠበቀው አማካይ ዋጋ በኪሎ ከ35 ብር በላይ መሆኑን የሚያሳምን ነገር ካለ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

«ባለፈው 40 ነበር» የሚለውስ? እሱ መሃል እንደገባው ገንዘብ ነው፣ አልፏል። ያለፈው ሳምንት ዋጋ ዛሬ ሽንኩርት አይገዛም።

ገበያ ከፖከር የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ፖከር ላይ ግማሽ ካርታ መጣል አይቻልም። ሽንኩርት ላይ ግን ይቻላል! 25 ኩንታል ዛሬ ሸጦ 75,000 ብር ኪስ ውስጥ አስገብቶ፣ የማዳበሪያና የሠራተኛ ዕዳ ከፍሎ፣ ቀሪውን በደንብ አድርቆ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር መጠበቅ ይቻላል። አባትም ልጅም አልተሸነፉም።

ማሾ ግን ሌላ ነው

ይፋት ቆላ በማሾም ይታወቃል። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩ ምርቶች አንዱ ሲሆን፣ አብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ ነው። ማሾ በደንብ ከደረቀ እንደ ሽንኩርት በሳምንት አይበሰብስም። ዋና ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ አየር በማያስገባ ከረጢት በደንብ ታስሮ ከተቀመጠ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ የመጠበቅ ዋጋው ትንሽ ነው። ሽንኩርት ላይ «ልቀቅ» ያለህ ያው ሂሳብ ማሾ ላይ «ቆይ» ሊልህ ይችላል። በአበዳሪ ቀን ካልተያዝክ፣ ልጅ ካልታመመብህ፣ መጠበቅ ትችላለህ። ቸኩሎ መጣልም እኮ ኪሳራ ነው።

የውርርድ ቲኬቷስ?

ይቺን ሳንነካ ብናልፍ ትወቅሱናላችሁ። አሥር ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ደርድረሃል። እያንዳንዱ «እርግጠኛ ነኝ» ያልከው ነው፤ 70 በመቶ ዕድል አለው እንበል። አሥሩም አብረው የመግባት ዕድላቸው ስንት ነው? 3 በመቶ እንኳ አይሞላም! አንድ አንዱን ስታየው ጠንካራ፣ አንድ ላይ ስታየው ወረቀት። ዘጠኙ ገብተው አንድ ሲቀር አፑ «አሁኑኑ ይህን ያህል ውሰድ» ይልሃል፤ ያቺ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የራሱን ድርሻ ቀንሶ ያቀረባት ናት። እዚህ ላይ ምርጡ ፎልድ አሥረኛው ጨዋታ ላይ አይደለም፤ ቲኬቷን ከመቁረጥህ በፊት ነው።

ለማጠቃለል

ጥሩ ነገር መያዝህ ትላንት የነበረ ዜና ነው። ዛሬ የሚጠየቀው፦ ስንት ሰው ተመሳሳይ ይዟል? ምን ያሸንፈኛል? ሌላው ወገን ምን እያሳየኝ ነው? ለመቀጠል የምከፍለውስ ከማገኘው አንፃር ያዋጣል? መልሱ «አያዋጣም» ከሆነ፣ ሰው ቢስቅም፣ ስንት ብትጠብቅም፣ ልቀቀው። ከመሞት መሰንበት ይባላል፤ የተረፈህ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዙር፣ ለሚቀጥለው መስኖ ይሆንሃል።

እስቲ እናንተ ንገሩን፦ ጥሩ ነገር ይዛችሁ በመልቀቃችሁ የተረፋችሁበት፣ ወይም ባለመልቀቃችሁ የተቆጫችሁበት ጊዜ አለ? ሽንኩርት ለደረሰበት ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ገበያ!